ውርሱ ከመከፈቱ በፊት፦ ኑዛዜ፣ ማስረጃና የቤተሰብ ሀብት

አንድ ሰው ያፈራው ሀብት ከሞተ በኋላ ለማን፣ በምን ያህል ድርሻና በምን ሥርዓት እንደሚተላለፍ በሕይወትና በጤና ሳለ አስቦ መወሰን፣ ውሳኔውንም ሕግ በሚቀበለው ሰነድ ማስፈር፣ የውርስ ዕቅድ ይባላል። ብዙ ሰው የውርስ ዕቅድንና ኑዛዜን አንድ አድርጎ ቢያይም ኑዛዜ የዕቅዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የቤት ካርታና የይዞታ ደብተር፣ የብድር ውል፣ በሕይወት መድን ውል ላይ የተጻፈ የተጠቃሚ ስም፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች የሚታሰብ ሞግዚት፣ ሌላው ቀርቶ የትኛው ሰነድ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ለትዳር ጓደኛ ማሳወቅ ሳይቀር የዚሁ ሥራ አካል ነው። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል፦ በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ ውርስ ወደ ጠብ ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሟች አድልዎ አይደለም፤ በልቡ ይዞት የነበረውን ሐሳብ የሚያስረዳ፣ ሕግ የሚያውቀው ወረቀት ሳይተው መሄዱ ነው።

ጉዳዩ ባለጸጎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ መታየቱ ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። ብዙ ቤትና ብዙ ድርጅት ያለው ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ወራሾቹ ይህን አንተ ውሰድ፣ ያንን አንቺ ውሰጂ ተባብለው የሚደላደሉበት ስፋት አላቸው። አንዲት የቀበሌ ካርታ ያላት ቤት ወይም አንድ ኮንዶሚኒየም ብቻ ትቶ የሚሞት የ5 ልጆች አባት ቤተሰብ ግን ይህ ስፋት የለውም፤ ቤቲቱ አምስት ቦታ አትቆረጥም፣ ከወራሾቹ አንዱ በውስጧ ይኖራል፣ ሌላው ድርሻው በገንዘብ እንዲሰጠው ይፈልጋል፣ መግዛት የሚችል ወንድም ወይም እህት ካልተገኘ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ቤቱ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ እንዲከፋፈል ከማዘዝ ሌላ ብዙ አማራጭ አይኖረውም። ስለዚህ ሀብቱ ባነሰና ባልተከፋፈለ መጠን ቀድሞ የማሰቡ አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሰው ይህን ሥራ የሚያዘገየው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። በጤና ሳሉ ስለ ኑዛዜ ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ልጅ አባቱን ቢጠይቅ ሞቱን እንደሚመኝ፣ ሚስት ባሏን ብትጠይቅ ዐይኗን በሀብቱ ላይ እንደጣለች ይታሰባል። በዚህም የተነሣ ጉዳዩ የሚነሣው ሕመምተኛው ከተኛ፣ የንስሐ አባት ከተጠራ፣ ጎረቤት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ይህ ጊዜ ለነፍስ ጉዳይ የተገባ ቢሆንም ለሕግ ጉዳይ ከሁሉም የባሰ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ተናዛዡ አእምሮው የጸና ነበር ወይ፣ የተናገረው በራሱ ፈቃድ ነው ወይስ አልጋው አጠገብ በነበረው ሰው ግፊት፣ ጽሑፉ ሲነበብ ይሰማ ነበር ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በኋላ በፍርድ ቤት የሚነሡት ከዚያች የመጨረሻ ሳምንት ላይ ነው። በ40 ዓመት ዕድሜ በጤና የተደረገ ኑዛዜ እነዚህን ጥያቄዎች እምብዛም አያስነሣም።

የውርስ ዕቅድ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ራሱ ላላወጣው ሕጉ አውጥቶለታልና። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የቤተሰብ ክፍሉ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 ቢተካም የውርስ ክፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ሕግ ውርስ የሚከፈተው ሰውየው በሞተበት ጊዜ፣ ዋና መኖሪያው በነበረው ቦታ ነው። ውርስ ተከፈተ ማለት የሟች መብትና ግዴታ በሞት የማይቋረጠው ሁሉ ለወራሾች የሚተላለፍበት ሥርዓት ጀመረ ማለት ነው። ሟች ሳይናዘዝ ከሞተ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ፣ በጋብቻ ውስጥም ሆነ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ የጉዲፈቻም ልጅ ቢሆን፣ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእርሱ ልጆች በቦታው ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ውርሱ ወደ ሟች አባትና እናት ይሄዳል፤ እነርሱም ከሌሉ ተወላጆቻቸው፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ይተካሉ። ከዚያ ወደ አያቶችና ወደ ቅድመ አያቶች መስመር ይወጣል፤ ማንም ካልተገኘ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሰው የለም፤ እርሱም የትዳር ጓደኛ ነው። ይህ ብዙዎችን የሚያስደንቅ፣ ጥቂቶችንም ለከባድ ችግር የዳረገ ነጥብ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደሉም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው በጋብቻው ውስጥ ከተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹን ነው፤ ይህም ውርስ ሳይሆን ቀድሞውንም የራሱ የነበረ ድርሻ ነው። ለምሳሌ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው ያፈሩት 8 ሚሊዮን ብር የሚገመት ቤት ቢኖራቸውና ባል 4 ልጆች ትቶ ሳይናዘዝ ቢሞት፣ 4 ሚሊዮኑ የሚስት የግል ድርሻ ሆኖ ይለይና የቀረው 4 ሚሊዮን ለልጆቹ አንድ አንድ ሚሊዮን ሆኖ ይከፋፈላል፤ ከባልየው ግማሽ ለሚስት የሚደርሳት ነገር የለም። ቤቱ ባል ከጋብቻ በፊት የሠራው ወይም ከአባቱ የወረሰው፣ ማለትም የግል ሀብቱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለ30 ዓመት በውስጡ የኖረች ሚስት በውርስ ስም አንዳች አታገኝም ነበር። ልጆቹ የእርሷም ከሆኑ እናትን ከቤት ማውጣት በባህሉ የሚያሳፍር ስለሆነ ነገሩ በይሉኝታ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ከልጆቹ መካከል የሌላ እናት ልጅ ሲኖር ግን ይሉኝታው ቶሎ ያልቃል።

የጋብቻ ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ሁኔታ ከዚህም ይከፋል። በሽማግሌ ተጋብተው፣ በሃይማኖት ሥርዓት ፈጽመው ወይም እንዲያው እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረው ምንም ያላስመዘገቡ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ሰዎች የጋራ ሀብት የሚኖራቸው አብሮ መኖራቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ደንግጓል፤ ነገር ግን ሦስቱ ዓመት መቼ እንደ ጀመረ የሚያውቀው ሰው ሲሞት ማስረዳቱ በቀረው ወገን ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ጎረቤትና የዕድር ዳኛን ለምስክርነት መለመን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እንዲመዘገቡ ያስገደደው ለእንዲህ ያለው ጊዜም ጭምር ስለሚጠቅም ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማውጣት የማንንም ሟርት አይጠራም፤ ዋጋውም ጥቂት ነው፤ ከኑዛዜ አስቀድሞ መደረግ ያለበትም እርሱ ነው።

ወደ ኑዛዜ ሲመጣ ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ የሚጸናው ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ከተነበበ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ ከተጻፈ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ከፈረሙ ወይም የጣት ምልክታቸውን ካደረጉ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ነው፤ ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ሲሆን ለ2 ምስክሮች በአፍ የሚነገር የመጨረሻ ፈቃድ ነው።

ኑዛዜዎች በፍርድ ቤት የሚወድቁት በእነዚህ በጣም ቀላል በሚመስሉ ሁኔታዎች ምክንያት ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራቱ ሰዎች ፊት መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡን ኑዛዜው ራሱ መናገር አለበት። ጸሐፊው «በምስክሮች ፊት ተፈረመ» ብሎ «ተነበበ» የሚለውን ቢዘነጋ አራቱም ምስክሮች ቀርበው በፊታችን ተነብቧል ቢሉም ያ ጉድለት ለባላጋራ ወገን ሰፊ በር ይከፍታል። ይህ ጥብቅነት ለተራው ሰው ጭካኔ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ በሌላ ክርክር ሁሉ ተዋዋይ ወገን ቀርቦ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው ሊል ይችላል፣ በኑዛዜ ክርክር ግን ዋናው ተናጋሪ በመቃብር ውስጥ ስለሆነ ወረቀቱ ያለ ማንም እርዳታ ራሱን እንዲያስረዳ ይጠበቅበታል። በታይፕ ወይም በኮምፒዩተር ተጽፎ በተናዛዡ ብቻ የተፈረመ ወረቀትም በእጅ የተጻፈ አይደለምና የሁለተኛውን ዓይነት፣ ምስክር የለውምና የመጀመሪያውን ዓይነት ሥርዓት አያሟላም። ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙትም ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ ኑዛዜ የአንድ ሰው ብቻ የግል ሥራ ስለሆነ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት መናዘዝ ይኖርባቸዋል። በዚሁ ምክንያት ወኪል በወካዩ ስም፣ ሞግዚትም በሚጠብቀው ልጅ ስም መናዘዝ አይችልም፤ ልጁ ራሱ ግን 16 ዓመት ከሞላው ሊናዘዝ ይችላል።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሌላ ብዙም የማይታወቅ ወጥመድ አለበት። ከተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን ገጾች መካከል በክብር የተቀመጠ የአባት ጽሑፍ ከ8 ዓመት በኋላ ቢገኝ የአባትን እጅ ከማስታወስ በቀር ጥቅም ላይሰጥ ይችላል ማለት ነው። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ከዚህም ጠባብ ነው፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ይቀራል፤ በእርሱም ሊወሰን የሚችለው የቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ሰው ደህና ጫማ አይገዛም፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ «ቤቱን ለታናሿ ሰጥቻለሁ ብሎ በአፉ ተናዟል» የሚለው፣ በለቅሶ ቤት ስንት ጊዜ የሚሰማው ቃል፣ ምስክሮቹ እውነተኞች ቢሆኑም ቤት አያስተላልፍም።

በአዲስ አበባ ሕዝቡ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ኑዛዜን ማረጋገጥና ማስመዝገብ ይቻላል፤ በየክልሉም ተመሳሳይ ሥልጣን የተሰጣቸው ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከላይ የተጠቀሱትን ጉድለቶች አብዛኞቹን ያመልጣል፤ ዋናው ቅጂም ስለሚቀመጥለት ኑዛዜው ጠፋ፣ ተቀደደ፣ ተደበቀ የሚባል ነገር አይነሣም። የምስክር ምርጫም ቸል አይባልም። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል፤ ከተናዛዡ በዕድሜ የሚያንሱ፣ አድራሻቸውም የሚታወቅ ምስክሮችም ከእኩያ ወዳጆች ይሻላሉ፤ ኑዛዜው የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ እኩያ ወዳጅ አብሮ ላይኖር ይችላልና።

ሕጉ ለተናዛዡ ሰፊ ነጻነት ቢሰጠውም ልጆችን በተመለከተ አጥር አድርጎለታል። አባት ወይም እናት ልጃቸውን ከውርስ ሊነቅሉ ይችላሉ፤ ከውርስ መንቀል ማለት ወራሽነቱን በኑዛዜ ማሳጣት ነው። ነገር ግን መንቀሉ በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱም በኑዛዜው ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ ዳኛው የተጠቀሰው ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ይመዝናል። የአንዱን ልጅ ስም ሳይጠቅሱ ሀብቱን ሁሉ ለሌሎች በመስጠት ብቻ ያንን ልጅ ማስወጣት አይቻልም። ሳይነቀል ድርሻው ያነሰበት ልጅም ያለ ኑዛዜ ቢሆን ሊያገኝ ከሚገባው ከሩብ በላይ ከተጎዳ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል።

ይህ የሩብ ገደብ ለዕቅድ አውጪ ሰው መሣሪያ ጭምር ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ እያንዳንዱ ልጅ ሊደርሰው የነበረው 1 ሚሊዮን ብር ስለሆነ ባል የራሱን ድርሻ በኑዛዜ ሲያከፋፍል ለየልጁ 750 ሺህ አስቀርቶ የተረፈውን 1 ሚሊዮን ለሚስቱ ቢተው ልጆቹ በዚህ ረገድ የሚያቀርቡት ክርክር ደካማ ይሆናል፤ የእርሷም ድርሻ ከ4 ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ ይላል። የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ፣ ወላጆቹን ሲጦር የኖረውን ወይም ትምህርቱን ያልጨረሰውን ማገዝ የሚፈልግ ወላጅም በዚሁ ስፋት ውስጥ ሐሳቡን ሊፈጽም ይችላል። ለአንዱ ልጅ የበለጠ ሲሰጥ ምክንያቱን በሁለት መስመር መጻፍ በሕግ ግዴታ ባይሆንም ከገንዘቡ ይልቅ በልጆች መካከል የሚቀረውን ቅሬታ ያቀልላል።

ሀብቱን በሕይወት ሳሉ በስጦታ ማስተላለፍ ሌላ መንገድ ሲሆን ብዙዎች ከኑዛዜ የቀለለ ይመስላቸዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በሚደረግበት ፎርም ካልተደረገ ፈራሽ መሆኑን ሕጉ ደንግጓል፤ ስለዚህ ከሥርዓቱ ማምለጥ አይቻልም። ከዚያም በላይ ኑዛዜ እስከ ሞት ድረስ ሊሻር ሲችል ስጦታ አንዴ ከተላለፈ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ብቸኛ መኖሪያቸውን ለልጃቸው በስጦታ አስተላልፈው በእርጅና ዘመናቸው የልጃቸው ተከራይ ወይም ተለማማጭ የሚሆኑ ወላጆች መኖራቸው ይህን መንገድ በጥንቃቄ እንዲያዩት ያስገድዳል።

ኑዛዜ የማይነካቸው ገንዘቦች እንዳሉም መታወቅ አለበት። በሕይወት መድን ውል ላይ ተጠቃሚ በስም ከተጠቀሰ ክፍያው የውርስ ሀብት ሳይሆን የዚያ ሰው ገንዘብ ነው፤ ተጠቃሚ ካልተጠቀሰ ወይም እንዲያው «ለወራሾቼ» ከተባለ ግን ወደ ውርሱ ይገባል። ከ10 ዓመት በፊት የተፋታት ሚስቱ ስም ያለበትን የመድን ውል ያልቀየረ ሰው ስለ አሁኗ ሚስቱ የጻፈው ኑዛዜ ያንን ገንዘብ አይመልሰውም። የጡረታ አበልም እንዲሁ በጡረታ ሕግ ለተተኪዎች የሚከፈል እንጂ በኑዛዜ የሚታደል አይደለም።

ዕዳ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። የውርስ አጣሪ፣ ማለትም ወራሾቹን የሚለይ፣ ሀብቱን የሚሰበስብና ዕዳውን የሚከፍል ሰው፣ በመጀመሪያ የቀብር ወጪን፣ ቀጥሎ የማጣራቱን ወጪ፣ ከዚያ የሟችን ዕዳዎች፣ ከዚያ ቀለብን፣ በመጨረሻ የኑዛዜ ስጦታዎችን ይከፍላል። ከቀብር ወጪ ውስጥ የተዝካር ወጪ እንደማይገባ ሕጉ ለይቶ መናገሩ የአርቃቂዎቹን ጥንቃቄ ያሳያል፤ በዘመኑ ተዝካር ስንቱን ቤት በዕዳ እንደ ዘፈቀ ያውቁ ነበርና። ሟች ያበደረው ገንዘብ ግን ከተበደረው ይልቅ ይጠፋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር አይረጋገጥም። ለንግድ ወዳጁ በእምነት 300 ሺህ ብር የሰጠ ነጋዴ ሲሞት ልጆቹ የሚይዙት ነገር ከሌለ ገንዘቡ ከተበዳሪው ኅሊና ጋር ብቻ ይቀራል። የሰጠውንና የተቀበለውን ሁሉ፣ የዕቁቡን ዕጣ ጨምሮ፣ በአንድ ደብተር ጽፎና አስፈርሞ መያዝ ስለዚህ ከኑዛዜው እኩል ክብደት ያለው ሥራ ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ሌላ የሕግ በር አላቸው። በሕገ መንግሥቱ የተፈቀዱትና በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ውርስንና ኑዛዜን በእስልምና ሕግ ይዳኛሉ። እዚያ የትዳር ጓደኛ ቋሚ ድርሻ ያለው ወራሽ ነው፤ ልጅ ካለ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ባል አንድ አራተኛ ይወርሳሉ፤ ኑዛዜ ግን ከሀብቱ ከሲሶ ሊያልፍ አይችልም። በሁለቱ ሕጎች የሚገኘው ውጤት ይህን ያህል ስለሚለያይ፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚመረጥ በቤተሰቡ መካከል ቀድሞ መነጋገሩ ተገቢ ነው። የገጠር መሬትም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አርሶ አደሩ የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ማን ሊወርስ እንደሚችል ደግሞ የየክልሉ የመሬት ሕግ ይወስናል፤ ስለዚህ የገጠር ተናዛዥ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ መጻፍ የለበትም።

ወጣት ወላጆች ሀብት የለንም ብለው ጉዳዩን ሲያልፉ የሚዘነጉት ትልቁ ነገር የልጆቻቸው ጉዳይ ነው። አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ፣ ሞግዚት ደግሞ በሀብቱና በሕግ ጉዳዮቹ የሚወክለው ሰው ነው፤ አባትም እናትም በአንድ አደጋ ቢያልፉ ማን እንደሚሆኑ ወላጆች በኑዛዜ ሊወስኑ ይችላሉ። ካልወሰኑ ሕጉ የራሱን ተራ ይከተላል፤ የሚመረጠውም ዘመድ ወላጆቹ በፍጹም ያላሰቡት ሊሆን ይችላል።

ቤተሰቡ ሲለወጥ ኑዛዜውም መታየት አለበት። በጋብቻው መፍረስ ምክንያት ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተደረገ የኑዛዜ ስጦታ ይቀራል፤ ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ከተቀበለም ስጦታዎቹ ሊቀሩ ወይም ሊቀነሱ ይችላሉ። አዲስ ልጅ፣ አዲስ ቤት፣ ፍቺ ወይም የወራሽ ሞት ሲያጋጥም አሮጌውን በግልጽ ሽሮ አዲስ መጻፍ፣ በአሮጌው ላይ በብዕር ሠርዞ ከማለፍ እጅግ ይሻላል።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ እነዚህን ሁሉ ችግሮች በአንድ ላይ ይሸከማል። የመጀመሪያው ችግር የስም ነው። ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት በወንድም፣ በእናት ወይም በአክስት ስም ካርታ ሲወጣለት ባለስሙ ቢሞት ቤቱ የባለስሙ ውርስ ሆኖ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፤ ላኪው የባንክ ደረሰኞቹን ይዞ ገንዘቡ የእርሱ እንደ ነበረ ለማስረዳት ይደክማል። ሁለተኛው የውክልና ነው። ውክልና በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር በወካዩ ሞት ይቋረጣል፤ ስለዚህ በውጭ ያለው ሰው ሲሞት አዲስ አበባ ያለው ወኪል በማግሥቱ የመሸጥም የማከራየትም ሥልጣን አይኖረውም፤ ይህን ሳያውቅ ወይም እያወቀ የፈጸመው ውል በወራሾች ይጠቃል። ውክልና የኑዛዜ ምትክ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ሀብቱ በሁለት አገር መሆኑ ነው፤ በአሜሪካ የጡረታ ቁጠባና የሕይወት መድን ክፍያ የሚሄደው በቅጹ ላይ በተሞላው የተጠቃሚ ስም ስለሆነ በኑዛዜ ላይ የተጻፈ ሌላ ስም አይለውጠውም፤ በኢትዮጵያ ያለው ቤት ግን በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ ወደ ወራሾች ስም አይዞርም። የውጭ አገር የሞት ምስክር ወረቀትና ውክልናም በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ መምጣት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ላለው ሀብት ለብቻው፣ በኢትዮጵያ ሕግ ፎርም የተሠራ ኑዛዜ መተው፣ ሁለቱ ኑዛዜዎችም እርስ በርስ እንዳይሻሻሩ በግልጽ መጻፍ፣ ወራሾችን ከብዙ ምልልስ ያድናል።

ውጭ የሚኖሩ ወራሾች ሌላም የሚጎዱበት ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። አርባውና ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ስለ ንብረት ማንሣት ነውር ስለሚመስል፣ ከዚያም በኋላ አገር ቤት የቀረው ወንድም እስኪያነሣው ድረስ ስለሚጠበቅ ዓመታት ያልፋሉ። ወራሽ ያልሆነ ወይም ድርሻው የማይገባው ሰው የውርሱን ሀብት ይዞ ሲገኝ እውነተኛው ወራሽ ክስ ማቅረብ ያለበት መብቱንና ሀብቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ነው፤ ባያውቅም ሟች ከሞተበት ወይም መብቱን ሊጠቀምበት ከቻለበት ቀን አንሥቶ 15 ዓመት ካለፈ፣ ከዘር የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ ክሱ በይርጋ ይቀራል።